በእጅ ማጥለያ ቡና ማዘጋጀት፦ ከዕቃ አመራረጥ እስከ ማንቆርቆር

ብዙዎች ድሪፐር ብለው የሚጠሩት የእጅ ማጥለያ በኩባያ ወይም በጆግ አፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ከታች ቀዳዳ ያለው፣ ውስጡ የማጥለያ ወረቀት የሚገባበት ትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ነው። የተፈጨው ቡና ወረቀቱ ውስጥ ይደረጋል፤ ፍል ውሃ ከላይ በቀጭኑ ይንቆረቆርበታል፤ ውሃው በቡናው መካከል ሲያልፍ ጣዕሙን ይዞ ወደ ኩባያው ይወርዳል፤ አተላው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። በጀበና ቡናው ከውሃው ጋር አብሮ ይፈላል፣ ከዚያም እስኪሰክን ይጠበቃል። በማጥለያ ግን ቡናው ራሱ እሳት አይነካውም፣ ከውሃው ጋር የሚቆየውም ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚገኘው መጠጥ ቀጠን ያለና የጠራ፣ የይርጋጨፌው ከሐረሩ የሚለይበት ጣዕም በግልጽ የሚታወቅበት ይሆናል። የጀበና ምትክ አድርጎ ማየት ግን ተገቢ አይደለም። ቶናና በረካ የለውም፤ አንዴ ውሃ ያለፈበት ቡና ላይ ድጋሚ ቢንቆረቆርበት የሚወርደው የመረረ ቀጭን ውሃ ነው።

ስለዚህ አሠራር የተጻፈው አብዛኛው መመሪያ በባሕር ወለል አጠገብ ባሉ ከተሞች ለሚኖሩና የተቆላ ቡና በከረጢት ለሚገዙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ፣ በብረት ምጣድ የተቆላና በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ይዞ ያንኑ መመሪያ ቃል በቃል የሚከተል ሰው ብዙ ጊዜ ጎምዛዛ ወይም ውሃው ማለፊያ ያጣበት ቡና ይገጥመዋል። ጉድለቱ ከሰውየው ሳይሆን ከመመሪያው ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው አሠራር የከተማውን ከፍታ፣ የቡናውን ትኩስነትና የአወቃቀጡን ሁኔታ ታሳቢ አድርጎ የተዘጋጀ ነው።

ማጥለያውን ስለመምረጥ

በወረቀት ማጥለል የተጀመረው በጀርመን አገር ነው። በ1908 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜሊታ ቤንትስ የተባለች የድሬስደን የቤት እመቤት የነሐስ ዕቃ በምስማር በስታ፣ ከልጇ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ቀለም መጣጭ ወረቀት ቆርጣ አስገባችበትና አተላ የሌለው ቡና አገኘች። ለፈጠራዋ በዚያው ዓመት የባለቤትነት መብት አስመዘገበች፤ በስሟ የተቋቋመው ድርጅትም እስከ ዛሬ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ የወጡት ማጥለያዎች በቅርጽ ቢለያዩም የሥራቸው መሠረት ያው ነው።

ገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት ሦስት ቅርጾች ናቸው። የመጀመሪያው የሜሊታ ዓይነት ሲሆን ከታች ጠበብ ያለ መቀመጫና በአብዛኛው አንድ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ውሃው የሚወርድበትን ፍጥነት በከፊል የሚወስነው ቀዳዳው ስለሆነ አፈሳሱ ላይ ትንሽ ስሕተት ቢፈጠር ይሸፍናል። ሁለተኛው የጃፓኑ ሃሪዮ ኩባንያ የሚሠራው ቪ60 ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሾጣጣ ቅርጹና ከ60 ዲግሪ ማዕዘኑ ነው። ከታች ያለው ቀዳዳ ሰፊ፣ በውስጥ ግድግዳው ላይ ያሉት ሸንተረሮች ጠምዛዛ ስለሆኑ ውሃው ምንም ሳይከለከል ይወርዳል፤ ፍጥነቱን የሚወስኑት አፈጫጩና የአንቆርቋሪው እጅ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው እንደ ካሊታ ዌቭ ያለው፣ መቀመጫው ጠፍጣፋና ሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ነው፤ ቡናው በእኩል ውፍረት ስለሚነጠፍበት ውጤቱ ከቀን ቀን ብዙም አይለዋወጥም። ከእነዚህ ሌላ በ1941 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፒተር ሽሉምቦም የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ የፈለሰፈው ኬሜክስ አለ፤ ማጥለያውና ማጠራቀሚያው አንድ ወጥ መስታወት ሲሆን ወረቀቱ ከሌሎቹ ወፍራም ነው።

ለጀማሪ ጠፍጣፋውን ወይም የሜሊታውን ዓይነት እመክራለሁ። ቪ60 ስሙ የገነነና ቆንጆ ዕቃ ቢሆንም በሙቀጫ ለተወቀጠ ቡና የሚመች አይደለም። ይሁን እንጂ ከቅርጹ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ወረቀቱ በሚኖሩበት ከተማ ሳይቋረጥ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። ማጥለያው አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ወረቀቱ ግን በየዕለቱ ያልቃል። አንዱ ቅርጽ የሌላውን ወረቀት በደንብ አይቀበልም፤ የካሊታው ጥቅጥቅ እጥፋት ያለው ወረቀት ከሾጣጣው ጋር ፈጽሞ አይገጥምም። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ማጥለያ ሲያመጣልዎ ወረቀቱንም በብዛት እንዲያመጣ ያሳስቡት፤ ቁጥሩንም ይንገሩት። በቪ60 ቁጥር 01 ለአንድ ሰው፣ ቁጥር 02 ከአንድ እስከ አራት ኩባያ ይበቃል። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው 02ን ቢይዝ ይሻለዋል።

ወረቀት ሲጠፋ አቡጀዲ ይተካዋል። ጃፓን ውስጥ በፍላኔል ጨርቅ የማጥለል የቆየ ልማድ ስላለ ነገሩ ለችግር ጊዜ ብቻ የተፈጠረ ብልሃት አይደለም። አዲሱ ጨርቅ በማጥለያው ልክ ተቆርጦ ይሰፋል፤ ከዚያም ሙጫው እንዲለቅ ደጋግሞ በውሃ ይቀቀላል። ሳሙና ፈጽሞ ሊነካው አይገባም፤ ሽታው አይለቅምና። ከተጠቀሙበት በኋላ በውሃ አጥበው፣ በንጹሕ ውሃ ነክረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ውሃውንም በየቀኑ ይለውጡለት። ደርቆ ከሰነበተ ውስጡ የቀረው የቡና ቅባት ይሻግትበታል። በጨርቅ የተጠለለ ቡና በወረቀት ከተጠለለው ወፈር ይላል፤ ምክንያቱም ወረቀት የቡናውን ቅባት አብዛኛውን ይዞ ሲያስቀር ጨርቅ በከፊል ያሳልፋል። ኮሌስትሮል እንዲቀንሱ በሐኪም የተመከሩ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ፦ ካፌስቶል የሚባለው የቡና ቅባት የደም ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል፣ በደንብ የሚያስቀረውም ወረቀቱ ነው።

ማጥለያው ከምን ይሠራ የሚለውን በተመለከተ፣ ሸክላው ያምራል፣ መስታወቱም እንዲሁ፤ ለደጋ ከተማ የሚሻለው ግን ርካሹ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ከውሃው የሚወስደው ሙቀት አነስተኛ ነው። ወፍራሙ ሸክላ ግን በሐምሌ ማለዳ ከመደርደሪያ ሲነሣ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ በደንብ ሳይሞቅ ቡና ከተደረገበት ለቡናው የታሰበውን ሙቀት ራሱ ይወስደዋል።

ሌሎቹ ዕቃዎች

ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ በመጀመሪያ መውጣት ያለበት ለመፍጫ ነው። ቡናውን በሁለት ጥርሳም ጎማዎች መካከል እያሳለፈ የሚፈጭ የእጅ መፍጫ ወጥ የሆነ ፍሬ ያወጣል። በስለት የሚከተክተው የኤሌክትሪክ መፍጫ ግን ከፊሉን ዱቄት፣ ከፊሉን ስብርባሪ ያደርገዋል። ያለዎት ይኸው ከሆነ አጫጭር ጊዜ እያስነሡና በየመካከሉ እየነቀነቁ ይፍጩ።

ውሃው በቀጭኑና በዝግታ እንዲወርድ አፍንጫው ቀጭንና የታጠፈ ማንቆርቆሪያ ይመረጣል። ከሌለ የሻይ በራድ በቂ ነው። ሆኖም በአንድ ዕቃ የፈላውን ውሃ ወደ ቀዝቃዛ በራድ መገልበጥ ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪዎች ስለሚቀንሰው፣ በራዱን ራሱን እሳት ላይ ጥዶ ማፍላት ይሻላል። ግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛንም ያስፈልጋል። ሚዛን እስኪገዛ ድረስ አንድ ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቡና ወደ 5 ግራም ገደማ እንደሚመዝን አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ውሃው ደግሞ 1 ሚሊ ሊትሩ 1 ግራም ነው።

ቡናውን ማዘጋጀት

ለጀበና የሚቆላው ቡና ጠቆር ብሎ ላቡ እስኪታይ ድረስ ምጣድ ላይ ይቆያል። ለማጥለያ ቀደም ብሎ መውረድ አለበት። ፍሬው መንጣጣት ይጀምራል፤ የመጀመሪያው መንጣጣት ጋብ ካለ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ቆይተው፣ ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ላዩ ገና ደረቅ ሳለ ያውርዱት። ወዲያው ሰፌድ ላይ ዘርግፈው እያንቀሳቀሱ ያቀዝቅዙት፣ ገለባውንም ያንፍሱት። ምጣድ ላይ የቀረ ቡና እሳቱ ቢጠፋም መቆላቱን አያቆምም።

የታጠበ ቡና፣ ለምሳሌ የይርጋጨፌ ወይም የሊሙ፣ በማጥለያ ሲዘጋጅ ቀላልና ሕያው ጣዕሙ ጎልቶ ይወጣል። ከነገለፈቱ የደረቀው የሐረር ወይም የጉጂ ቡና ደግሞ ከበድ ያለና ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ጎን ለጎን አዘጋጅቶ መቅመስ ማጥለያው ምን እንደሚያደርግ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል።

እኛ ዘንድ ቡና ተቆልቶ ወዲያው ይወቀጣል፣ ወዲያውም ይፈላል። ማጥለያ ግን ይህን አይወድም። አዲስ የተቆላ ቡና ውስጡ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለ ውሃ ሲነካው እየተኮፈሰ ውሃውን ይገፋዋል፣ ስለዚህ ጣዕሙ በቅጡ አይወጣም። ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቀለል ብሎ የተቆላ ከሆነ አራት ወይም አምስት ቀን፣ በተከደነ ዕቃ ይረፍ። የሚፈጨው ግን ሊያዘጋጁት ሲሉ ብቻ ነው።

የአፈጫጩ ልክ ከጀበናው ሻከር ማለት አለበት፤ በጣት ሲዳሰስ የስኳር ፍሬ ያህል ቢሰማ ጥሩ መነሻ ነው። ለጀበና የደቀቀ ዱቄት ወረቀቱን ይደፍነዋል፣ ውሃው ላዩ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ቡና በሙቀጫ የሚወቅጥ ሰው ቀለል አድርጎ ይውቀጥ፣ ከዚያም በጥቅጥቅ የሻይ ወንፊት ይንፋው። በወንፊቱ ያለፈው ደቃቅ ለጀበና ይቀመጣል፤ የቀረው ላይ ትልልቅ ስባሪ ካለ ተመልሶ ይወቀጣል። ሥራው ያሰለቻል፣ ነገር ግን በሙቀጫ ለሚሠራ ሰው ከማንኛውም ውድ ማጥለያ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው።

ውሃውና ሙቀቱ

ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሐዋሳ ላይ በ94፣ ድሬዳዋ ላይ በ96 ዲግሪ አካባቢ። ለማጥለያ የሚመከረው ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። በየመመሪያው የሚነበበው «ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ» የሚለው ምክር ለዱባይ፣ ለቴል አቪቭ ወይም ለዋሽንግተን ነዋሪ ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ውሃው እየተንተከተከ ሳለ ይንቆርቆር፣ በመካከልም ማንቆርቆሪያው ወደ እሳቱ ይመለስ። ሙቀቱ በቁጥር የሚሞላ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ያለዎት እንደሆነ 96 ላይ አያስተካክሉት፤ ከዚያ ቁጥር ሳይደርስ እየተንተከተከ ይቆያል። 90 ላይ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ሲንተከተክ በእጅዎ ያንሡት።

ስለ ውሃው ዓይነት ብዙ አያስጨንቅም። ክሎሪን ክሎሪን የማይሸት፣ ብቻውን ሲጠጣ የሚጥም ውሃ ይበቃል። ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ቶሎ የሚጋገር ከሆነ የቧንቧው ውሃ ማዕድን በዝቶበታልና የታሸገ ውሃ ሞክረው ያነጻጽሩ።

አሠራሩ

የሚከተለው ልክ ለአንድ ትልቅ ኩባያ ነው፤ 15 ግራም ቡና ለ250 ግራም ውሃ። ቡናው ከክብደቱ ሁለት እጥፍ የሚሆን ውሃ ይዞ ስለሚቀር ኩባያው ውስጥ የሚገኘው 220 ግራም ያህል ነው። ለማሞቂያና ለማለቅለቂያ ጭምር እንዲበቃ ግማሽ ሊትር ያፍሉ።

በመጀመሪያ ወረቀቱን በስፌቱ በኩል አጥፈው ማጥለያው ውስጥ ያስገቡና ፍል ውሃ በብዛት ያፍስሱበት። ይህ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ የወረቀቱን ሽታ ያስለቅቃል፣ ማጥለያውንና ኩባያውን ያሞቃል። ቡናማው ወረቀት ከነጩ ይልቅ ስለሚሸት ረዘም ላለ ጊዜ ይለቅለቅ። ኩባያው ውስጥ የወረደውን ውሃ መድፋት አይርሱ።

ቡናውን ጨምረው ማጥለያውን በጎኑ መታ መታ በማድረግ ያስተካክሉት። ሁሉንም ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡ፣ ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፣ ሰዓት መቁጠር ይጀምሩ። ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር እየዞሩ 45 ግራም ውሃ ብቻ ያንቆርቁሩ፤ ዓላማው ቡናውን ማራስ ነው። አሁን ቡናው ያብጣል፣ ላዩ ላይ አረፋ እየወጣ ይፈነዳል፣ የሚያውድ ሽታ ይነሣል። የሚወጣው ቅድም የተነገረው ጋዝ ነው። ደረቅ የቀረ ቦታ እንዳይኖር ማጥለያውን ይዘው አንዴ ቀስ ብለው ያሽከርክሩትና 45 ሰከንድ እስኪሆን ይጠብቁ። ትናንት የተቆላ ቡና ከሆነ አረፋው ቶሎ አይበርድምና አንድ ደቂቃ ይስጡት። ምንም ሳያብጥ ውሃውን ዝም ብሎ የሚጠጣ ቡና ደግሞ ተቆልቶ የሰነበተ ነው።

ከዚያ በኋላ በቀጭኑና ሳያቋርጡ፣ የአንድ ብር ሳንቲም ስፋት ባለው ክብ እየጀመሩና ቀስ በቀስ እያሰፉ፣ ሚዛኑ 150 ግራም እስኪያሳይ ያንቆርቁሩ። ይህ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ውሃውን በቀጥታ በወረቀቱ ግድግዳ ላይ አያፍስሱ፤ ቡናውን ሳያገኝ በጎን ይሾልካል። ውሃው ሊጎድል ሲል፣ ማለትም በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አካባቢ፣ በተመሳሳይ አኳኋን እስከ 250 ግራም ይሙሉት። በመጨረሻ ማጥለያውን አንዴ በቀስታ ያሽከርክሩ፣ ግድግዳው ላይ የተጣበቀው ቡናም ወደ ታች ይወርዳል። ጠብታው ሊቋረጥ ሲል፣ በ3 ደቂቃ አካባቢ፣ ማጥለያውን ያንሡት።

የቀረውን አተላ ሳይደፉ ይመልከቱት። ላዩ ለጥ ብሎ ከተቀመጠ ውሃው በእኩል አልፏል። በአንድ ወገን የተቦረቦረ ከሆነ አንቆርቋሪው ወደዚያ አድልቷል፤ ጭቃ መስሎ ላዩ የተለሰነ ከሆነም ደቃቁ በዝቷል ማለት ነው።

ቀምሶ ማስተካከል

ቡናውን ስኳር ሳይጨምሩ፣ ትንሽ በረድ ሲል ይቅመሱት። ጎምዝዞና ቀጥኖ ከመጣ፣ ውሃውም ከ2 ደቂቃ ተኩል በፊት ካለቀ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ አድቅቀው ይፍጩ። መርሮ አፍ የሚያደርቅ ከሆነና ከ4 ደቂቃ በላይ ከፈጀ አሻክረው ይፍጩ። ጣዕሙ መልካም ሆኖ ቀጭን ብቻ ከሆነብዎ አፈጫጩን ሳይነኩ ቡናውን ወደ 17 ግራም ያሳድጉ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ መለወጥ የቱ እንደሠራ እንዳይታወቅ ያደርጋል። በደጋ ከተሞች ውሃው ከዚህ በላይ ሊሞቅ ስለማይችል በብዛት የሚያጋጥመው የመጀመሪያው ችግር ነው፤ ከባሕር ማዶ በመጣ መመሪያ ላይ ከተጻፈው ይልቅ ጥቂት አድቅቆ መፍጨት የጎደለውን ሙቀት ያካክሳል።

እጅዎ ከለመደ በኋላ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም የቡና አፈላል ውድድር ያሸነፈው ጃፓናዊው ቴትሱ ካሱያ ያስተዋወቀውን ዘዴ መሞከር ይቻላል። እርሱ 20 ግራም አሻክሮ የተፈጨ ቡና ይይዝና 300 ግራም ውሃ በአምስት እኩል ጊዜ፣ በየ45 ሰከንዱ 60 ግራም ያፈስሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የኮምጣጣነቱንና የጣፋጭነቱን ሚዛን፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ ጥንካሬውን ይወስናሉ ባይ ነው። ዘዴው ዝግ ያለ እጅ ለሌለው ሰው ይመቻል፤ ነገር ግን በየፋታው ውሃው ስለሚበርድ ማንቆርቆሪያው ከእሳቱ መራቅ የለበትም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ትኩስ ቡና ለማይስማማው ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። 15 ግራሙን ቡና እንዳለ ይዘው 100 ግራም በረዶ ከታች ባለው ጆግ ውስጥ ያድርጉ፣ ከላይ የሚንቆረቆረውን ፍል ውሃ 150 ግራም ብቻ ያድርጉት። ውሃው ስላነሰ ቡናው ትንሽ ደቀቅ ይበል።

ለእንግዳ ሲሆን ቁጥር 02 ማጥለያ እስከ 30 ግራም ቡናና 500 ግራም ውሃ ይችላል፤ ቡናው ሲወፍር ውሃው ለመውረድ ስለሚዘገይ አፈጫጩ ጥቂት ይሻክር፣ ጊዜውም ወደ 4 ደቂቃ ይጠጋል። ከዚያ በላይ መጫን ዳሩን ያጎርፈዋል። እንግዳው ከአራት ከበለጠ ሁለት ዙር ማዘጋጀት ወይም ትልቁን ኬሜክስ መጠቀም ይሻላል፤ የመጀመሪያው ዙር እንዳይበርድ በፍል ውሃ በታጠበ ፔርሙስ ይቆይ፣ ፔርሙሱ ግን ሻይ ሲቀመጥበት የኖረ አይሁን።